የብረቱን መቶ አለቃ ወልውዬ ልተወው ወይስ ልቀባው? ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ

ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄውን ላስታውስ። ወንድማችን የሮማ መቶ አለቃን የሚያሳይ ያገለገለ ባስት፣ ማለትም የሚቀባ ትንሽ ሐውልት ገዝቷል። ከደረት በላይ ብቻ ነው፣ ከነጭ ብረት የተቀዳ፣ መዳፍ የሚያህል። የድሮው ባለቤት በወፍራም ቀለም ለቅልቆታል። ቀለሙን ካስለቀቀ በኋላ የራስ ቁሩንና ጥሩሩን ወልውሎ ብረቱን እንዳለ ይተወው ወይስ ሁሉንም ይቀባው? ፊቱስ በአክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ነው በዘይት ቀለም የሚሠራው?

ቀባው። ነጭ ብረት የምንለው በአብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ አንቲሞኒና ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ሲወለወል ያምራል፣ አልክድም። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ብርማ ይሆናል። መቶ አለቃ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓይነት ብረት ነው የሚለብሰው። ቁሩ ነሐስ ወይም ብረት፣ የሰንሰለት ጥሩሩ ብረት፣ ደረቱ ላይ የሚደረደሩት ክብ ሽልማቶች ብዙ ጊዜ ብር። ጀርመን ውስጥ ላወርስፎርት በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1858 የተገኙት የታወቁ ሽልማቶች ከብር የተሠሩ ናቸው። ይህን ልዩነት ባዶ ብረት አያሳይህም።

ስለዚህ ቀለም ከመግዛትህ በፊት ሰውዬው ማን እንደሆነ ወስን። ባስቱ የሚሸጥበት ሣጥን ላይ ያለው ሥዕል ማስረጃ አይደለም። እሱም አንድ ቀቢ የመረጠው ነው።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፤ ባስት ከመጀመሬ በፊት ሙዚየም እሄዳለሁ። ለመቶ አለቃ ከሁሉ የሚሻለው ቦን ያለው የማርከስ ኬሊየስ የመታሰቢያ ድንጋይ ነው። ሰውዬው የቦሎኛ ተወላጅ ነው። በ9 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) ሦስት ሌጌዎኖች (ትላልቅ የሮማ የጦር ክፍሎች) ጀርመን ውስጥ ቶይቶቡርግ ጫካ ሲደመሰሱ አብሮ ወደቀ። ዕድሜው 53 አልፎ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ድንጋዩን ያቆመለት ወንድሙ ነው። ጽሑፉ አጥንቱ ከተገኘ እዚህ ይቀበር ዘንድ ይፈቅዳል። ድንጋዩ ላይ የሚታየው ለእኛ ወርቅ ነው፦ ራሱ ላይ የቅጠል አክሊል፣ ደረቱ ላይ በጠፍር የተያያዙ ክብ ሽልማቶች፣ አምባሮች፣ በእጁ የመቶ አለቃነት ምልክት የሆነው የወይን በትር። የሚገርመው፣ ከግራና ከቀኙ ነፃ ያወጣቸው ሁለት አገልጋዮቹ አሉ፤ የተቀረጹትም እንደ ባስት ከደረት በላይ ነው።

ከዚያ ወደ ያዝከው ባስት ተመለስና እነዚህን እይ። የቁሩ ላባ ከግራ ወደ ቀኝ ከተዘረጋ መቶ አለቃ ነው። ካርኑንቱም (ዛሬ ኦስትሪያ) የተገኘው የካሊዲየስ ሴቬረስ ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለ ቁር አለ። የሰይፍ ማንገቻው ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ጎን መውረድ አለበት፤ ተራው ወታደር ሰይፉን በቀኝ ሲታጠቅ መቶ አለቃው በግራ ነው። ጢሙ ሙሉ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ሰው አይመስለኝም። ጢም በሮማ የተለመደው ከንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን (117–138) ወዲህ ነው። የልብሱ ቀለም ነጭ ነው ቀይ ነው የሚለው ክርክር አያልቅም። የእኔ ምርጫ ለተራ ወታደር ያልነጣ የሱፍ ነጭ፣ ለመቶ አለቃ ቀይ ነው። ግን ፀሐይ የበላው ቀይ ይሁን። የባንዲራ ቀይ ካደረግኸው ሰውዬው ቲያትር የሚሠራ ይመስላል።

ዝግጅቱን ቶሎ ልለፈው። አሮጌውን ቀለም አሴቶን ያነሳዋል፤ መስኮት ከፍተህ፣ ጓንት አድርገህ። ሱፐር ግሉውንም ስለሚፈታው ክፍሎቹ ቢለያዩ አትደንግጥ፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ከሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተሠራ ባስት ላይ ግን አሴቶን እንዳታስጠጋ። የቅርጹን መጋጠሚያ መስመር በሞረድ አንሳ፣ በለብ ያለ ውኃና ሳሙና እጠብ። ላባው ከባድ ስለሆነ ሙጫ ብቻውን አይችለውም፤ ቀዳዳ ሰርስረህ የናስ ሽቦ አስገባና በኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ) ያዝ። ክፍተቱን በስቱኮ ድፈን። ከዚያ ስስ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ የሚቀባ መነሻ ቅብ)። ያለ ፕራይመር አክሪሊክ ከብረት ላይ በጥፍር ይነሳል።

የብረቱን መልክ እንዲህ ነው የማወጣው። በጥቁር እጀምራለሁ፣ የብረት ቀለም ከጥቁር ጋር ደባልቄ እቀባለሁ፣ ጥላውን በቀጭን ቡናማ የዘይት ቀለም አጠቁራለሁ። ሲደርቅ ጠርዞቹን በመጻፊያ እርሳስ አሻለሁ። ለብረት እንደ ግራፋይት (የእርሳሱ ጥቁር መጻፊያ) ያለ የለም፣ ርካሽም ነው። ለነሐስ የብረት ቀለሙን በመዳብማና በወርቃማ ተካ። አንዳንዶች የብረት ቀለም ሳይነኩ በቢጫ፣ በቡናማና በነጭ ብቻ ነሐስ ያስመስላሉ። ፎቶ ላይ ጉድ ነው! ባስት ግን እጅ ላይ ይዞራል፤ ሲዞር የተሣለው ብርሃን አብሮ አይዞርም። እኔ አልወደውም።

ፊቱን በአክሪሊክ ጀምረህ በዘይት ጨርስ። መጀመሪያ መካከለኛ የቆዳ ቀለም በአክሪሊክ፣ ከዚያ በላዩ በጣም ስስ ዘይት። ዘይት ቶሎ ስለማይደርቅ ጥላና ብርሃኑን ለማዋሐድ ጊዜ ይሰጥሃል። ቀለሙን ካርቶን ላይ ጥቂት አቆየው፤ ካርቶኑ ትርፍ ዘይቱን ይመጠዋል፣ ሲደርቅም አያብለጨልጭም። ግንባሩ ወደ ቢጫ፣ ጉንጭ አፍንጫና ጆሮ ወደ ቀይ፣ የተላጨው አገጭ ወደ አመድማ ይሂድ። ዓይን ላይ ብዙ ሰው ይበላሽበታል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ የሚያምረው ሰፊ ዓይን እዚህ አይሠራም፤ ንጹሕ ነጭ አታድርግ፣ የላይኛው የዓይን ቆብ ባለ ቀለሙን ክብ በጥቂቱ ይሸፍነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። ያገለገለ ባስት ስለሆነ እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን መርዛማው ብረት) ሊኖርበት ይችላል፤ ድሮ የተቀዱት ብዙዎቹ አላቸው። ሲሞረድ ብናኙን አታራግፍ፣ ውኃ እያስነካህ ሥራ፣ እጅህን ታጠብ፣ ልጆች አካባቢህ አይኑሩ። እርሳስ ያለበት ብረት የኦክ እንጨት ቁምሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ እንጨቱ የሚያወጣው የኮምጣጤ አሲድ እየበላው ነጭ ዱቄት ያወጣል። ቀለም ስለተቀባ ብቻ አይድንም። መስታወትና ብረት የሆነ መደርደሪያ ይሻላል።

ቀለሙን ካስለቀቅክ በኋላ የትከሻውንና የቁሩን ፎቶ ከጎን አንሥተህ ለጥፍልን። ማንገቻው በየት በኩል እንደሚያልፍ ካየሁ ሰውዬው ማን እንደሆነ እንነጋገራለን።