ለዳር ሰፈር ነዋሪ የሚበጀው የትኛው መስመር ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጥቼ በታክሲ ሰልፍ ቃሊቲ ስደርስ፣ እዚያ ደግሞ የባቡር ሰልፍ ይጠብቀኛል። ጎረቤቶቼ ባቡሩ ከቃሊቲ ወደ እኛ መቀጠል አለበት ይላሉ፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ግን ባቡር ጨርሶ ያልደረሰው ጀሞ ይቅደም ባይ ናት። ለመሆኑ ለዳር ሰፈር ተመላላሽ የሚበጀው መስመር በምን ይመረጣል?
አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ሁለት ወር ሳይሞላ ሲከተለው፣ የከተማዋ ዳርቻ የዛሬውን መልክ አልያዘም ነበር። እንደ ኮዬ ፈጬ ያሉት ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ሰው የገባባቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ያኔ መዳረሻ የነበሩት አያትና ቃሊቲ ዛሬ ለብዙ ሰው የመንገድ አጋማሽ ሆነዋል፤ የጎረቤቶችዎ ጥያቄም ከዚህ የመነጨ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ መስመርን በካርታ ላይ በሚታየው ርዝመት መመዘን ያሳስታል። ተመላላሽ የሚቆጥረው ከደጁ እስከ ሥራ ቦታው የሚፈጅበትን ጊዜ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከጉዞው ይልቅ የሚያንገላታው ጥበቃው ነው። ባቡር በየ20 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ ጣቢያ የደረሰ ሰው በአማካይ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የመጣው ሞልቶ ካለፈው ደግሞ ጥበቃው 30 ደቂቃ ይሆናል። በየ6 ደቂቃው ቢመጣ ግን አንዱ እንኳ ቢያልፈው ጥበቃው በአማካይ ከ9 ደቂቃ አይበልጥም። አገልግሎቱ ሲጀመር 41 ባቡሮች የነበሩ ሲሆን፣ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ መሆናቸው በይፋ ሲነገር ቆይቷል። እነዚህን ሳይጠግኑ ሐዲዱን ማስረዘም፣ በሥራ ላይ ያሉትን ጥቂት ባቡሮች በረዘመ መንገድ ላይ መበተን ነውና የቃሊቲውን ሰልፍ ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። በዚህ ላይ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ የአንዱ ምልልስ ሲጨምር ለሌላው የሚተርፈው ቦታ ይጠባል።

ሁለተኛው መመዘኛ፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው፣ መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ ተሳፋሪ ያለው መሆኑ ነው። ጠዋት ሰው ጭኖ ወደ መሐል ከተማ የገባ ተሽከርካሪ ባዶውን የሚመለስ ከሆነ ወጪው በእጥፍ ይከብዳል፤ ወጪው የከበደ አገልግሎት ደግሞ ውሎ አድሮ ምልልሱን ይቀንሳል። የእርስዎ ሰፈር እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥቅም አለው። በዚያው አቅጣጫ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስለሚገኙ፣ እርስዎ ወደ ሜክሲኮ በሚወጡበት ሰዓት ሠራተኛውና ተማሪው ወደ እርስዎ ሰፈር ይጓዛል። ቃሊቲና ሳሪስም ፋብሪካ የበዛባቸው እንደመሆናቸው ከቃሊቲ በቱሉ ዲምቱ አድርጎ ኮዬ ፈጬ የሚደርስ መስመር ማለዳም ማታም ወንበሩ ባዶ አይሆንም።

ስለዚህ ከቃሊቲ ወዲያ ያለው መስመር እንዲቀድም እመርጣለሁ፤ ነገር ግን በሐዲድ ሳይሆን፣ ሌላ መኪና በማይገባበት የራሱ መንገድ በሚሄድ ፈጣን አውቶቡስ ቢሆን እመክራለሁ። እንዲህ ያለው መንገድ ከሐዲድ እጅግ ባነሰ ወጪ የሚሠራ ሲሆን፣ ሰፈሩ በሰፋ ቁጥር ወደ ውስጥ ማስገባትም ይቻላል። ለባልደረባዎም መልሱ ይኸው ነው፤ ከዊንጌት በሜክሲኮ አድርጎ ጀሞ የሚደርስ የፈጣን አውቶቡስ መስመር በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ድጋፍ ከታቀደ ዓመታት ስላለፉት፣ ጀሞ አዲስ ጥናት ሳይሆን የታቀደው እንዲፈጸም ነው የሚያስፈልገው።

የሰፈራችሁ ነዋሪዎች ጥያቄ ስታቀርቡ አንድ ነገር አትርሱ። አውቶቡሱ የሚያቆመው ከቃሊቲ ባቡር ጣቢያ ሥር መሆን አለበት፤ መኪና የሚበርርበትን አስፋልት አቋርጦ፣ በዝናብ ጭቃ ረግጦ፣ ሌላ ትኬት ለመቁረጥ እንደገና መሰለፍ ካለ በአውቶቡሱ የተገኘው ደቂቃ እዚያው ቃሊቲ ላይ ያልቃል።