ሰላጣሽ የተቃጠለው ርቦት አይደለም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በ20 ሊትር ባልዲ ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ ሰላጣ ተክለሻል፤ የማዳበሪያውን ጥንካሬ የምታዪበት መለኪያሽ 1400 ፒፒኤም ይላል፤ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ እየሆነ ነው፤ «ማዳበሪያ ልጨምር ወይስ ልቀንስ?» ነው ያልሽው። ቀንሺ። ለምን እንደሆነ ግን ትንሽ ላውራ፤ እኔም በዚሁ ተቃጥያለሁና።

በረንዳዬ ላይ ያለ አፈር መትከል ስጀምር ማዳበሪያው ሲጠነክር ተክሉ ቶሎ የሚያድግ መስሎኝ ነበር። የሰላጣዬ ጠርዝ ሲደርቅ «ርቦት ነው» ብዬ ጨመርኩበት። በሳምንቱ 12ቱም እንደ ደረቀ ጌሾ ሆኑ። ለካ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብለው በውሃ ጥም ነው የሞቱት! የተሟሟ ማዳበሪያ ያው ጨው ነው። ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ካልሲየም ደግሞ ወደ ቅጠል የሚወጣው ከውሃው ጋር ነው፤ ውሃው ካልወጣ እሱም አይደርስም። ለዚህ ነው መሃል ያለው ለጋ ቅጠል ቀድሞ የሚጎዳው።

አሁን ወደ 1400 እንምጣ። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። መለኪያሽ የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው፤ ኢሲ የምንለውን። ፒፒኤም ከዚያ ተባዝቶ የሚወጣ ግምት ነው። አንዳንዱ መለኪያ ኢሲውን በ500 ያባዛል፣ አንዳንዱ በ700። ስለዚህ ያንቺ 1400 ወይ ኢሲ 2.8 ነው ወይ 2.0። ቀላል ልዩነት አይደለም። ቁልፉን ተጭነሽ ወደ ኢሲ ቀይሪውና ፒፒኤምን እርሺው። እዚህ የምንወያይ ሁላችንም በኢሲ ብናወራ ኖሮ ግማሹ ክርክራችን ይቀር ነበር።

በየትኛውም ቢሆን ለሰላጣ ይበዛል። እኔ ሰላጣን አብዛኛውን ጊዜ ከ1.0 እስከ 1.4 ድረስ ነው የማቆየው። ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣ ችግኝ 0.6 ይበቃዋል። በሶብላ ከሰላጣው ብዙም አይርቅም። ቲማቲም ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ፍሬ መያዝ ከጀመረ ከ2.0 እስከ 3.5 ይችላል። ሁለቱን አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳትተክያቸው፤ ወይ አንዱ ይራባል፣ ወይ አንዱ ይቃጠላል።

ማዳበሪያውን ከመጨመርሽ በፊት ደግሞ ባዶውን ውሃ ለኪው። የአዲስ አበባ ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣ አለ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ አለ፤ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል። እኔ ቤት ቧንቧው 0.2 ያሳያል። ውሃ ጠፍቶ በቦቴ ያስመጣን ጊዜ 0.7 አየሁ። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ እንደ ወትሮው ስትበጠብጪ ሳታውቂው ከልኩ ታልፊያለሽ።

ይህ ሁሉ ግን መነሻ ነው። ትክክለኛውን የሚነግርሽ ራሱ ተክሉ ነው። ባልዲው ላይ የውሃውን ከፍታ በማርከር ምልክት አድርጊ፣ ኢሲውንም ጻፊ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰሽ እዪ። ውሃው ጎድሎ ኢሲው ከጨመረ፣ ተክሉ የሚጠጣው ከሚበላው በልጧል ማለት ነው፤ በጣም ጠንክሮበታል፣ በባዶ ውሃ ሙይው። ውሃው ጎድሎ ኢሲውም ከወረደ ርቦታል፤ ትንሽ ጨምሪ። ውሃው ቀንሶ ኢሲው እዚያው ከቆመ አትንኪው፣ አግኝተሽዋል። እኔ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ ሲከር ወደ 1.0 እወርዳለሁ፤ ብዙ ስለሚጠጣ። በክረምት ደመናው ሲከብድ ደግሞ እስከ 1.6 ባወጣውም ምንም አይል።

ለዛሬ ይህን አድርጊ። ከባልዲው 10 ሊትር ቅጂና በ10 ሊትር ባዶ ውሃ ተኪው። ውሃሽ እንደኔው 0.2 ከሆነ፣ 2.8 የነበረው ወደ 1.5፣ 2.0 የነበረው ወደ 1.1 ይወርዳል። የቀዳሽውን አትድፊው፤ አቅጥነሽ አፈር ላይ ያለ ጎመን ካለሽ አጠጪው። ከዚያ ፒኤቹን፣ ማለትም የውሃውን አሲዳማነት ለኪ፤ ከ5.5 እስከ 6.5 መሃል ይሁን። ባልዲው የታፈነ ጥግ ላይ ከሆነም ነፋስ ወደሚያገኝበት ቦታ ውሰጂው፤ አየር ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ካልሲየሙ ለጋው ቅጠል ጋ አይደርስም።

ዩሪያ እንድትበጠብጪበት የመከሩሽን እባክሽ አትስሚ። አፈር ውስጥ ዩሪያን የሚሰባብሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ባልዲሽ ውስጥ በበቂ የሉም። ይባስ ብሎ ዩሪያ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ መለኪያሽ አያየውም። አንድ ማንኪያ ጨምረሽ ቁጥሩ ንቅንቅ ሲል ስለማታዪ ሌላ ትደግሚያለሽ። ማዳበሪያሽ ኤ እና ቢ ተብሎ በሁለት ጠርሙስ የመጣ ከሆነም ሁለቱን ሳይቀጥኑ አታገናኚያቸው፤ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ታች ይቀራል።

የተቃጠለው ጠርዝ አይመለስም፤ ቆርጠሽ ቀሪውን ብይው። የምታዪው አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ነው። እስከዚያ የባዶ ውሃሽን ኢሲ ለክተሽ ጻፊልኝ፣ ከዚያ ተነስተን እናሰላዋለን።