ቅጹ ይቆየን፦ የተቸገረ ሰው ድጋፍ እንዲያገኝ ስለ መርዳት ጥያቄና መልስ

ላለፉት 11 ዓመታት ሥራዬ ከባለጉዳይ ጎን ተቀምጦ ቅጽ መሙላት ነው። ሥራ ያጡ፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው፣ አስተዳዳሪያቸው የሞተባቸው፣ በሌሊት ልጅ አዝለው የወጡ ሰዎች ይመጣሉ። የምግብ፣ የመጠለያ፣ የሕክምና ወይም የገንዘብ ድጋፍ ለማግኘት ማመልከት አለባቸው፤ ማመልከቻው ግን የተዘጋጀው እንቅልፍ ለጠገበ ሰው ይመስላል። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ እመልሳለሁ። ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ የማወራው በየትኛውም ቢሮ ስለሚያጋጥመው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ትናንት አንዲት ሴት ፊቴ ተቀምጣ ስታለቅስ ግራ ገባኝና የቅጹን የመጀመሪያ ጥያቄ አነበብኩላት። ከየት መጀመር ነበረብኝ?

እህቴ፣ እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። ቅጽ ጥሩ መደበቂያ ነው። ዝጊውና አራት ነገር ጠይቂ፦ ዛሬ በልተሻል? ማታ የት ታድሪያለሽ? የምትወስጂው መድኃኒት ተቋርጦብሻል? የምትፈሪው ሰው አለ? ከአራቱ የአንዱ መልስ እንኳ ካሳሰበሽ የዚያን ቀን ሥራሽ እሱ ነው። የማመልከቻው ውሳኔ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ልጆቿ ግን ማታ ራት ይፈልጋሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይገልጸዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውየው የደረሰበትን በዝርዝር እንዲተርክ መጫን እንደማይገባም ያስጠነቅቃል። ይህን እኔ ያጠበቅሁት በራሴ መንገድ ነው፤ ቅጹ የማይጠይቀውን ነገር እኔም አልጠይቅም። እሷ ልትናገር ከፈለገች ግን ብዕሬን አስቀምጬ እሰማለሁ።

ጥያቄ፦ ሰዎች የማያመለክቱት ባለማወቅ ነው ይባላል። ታዲያ በራሪ ወረቀት ብናሰራጭ አይበቃም?

አይበቃም። ደግነቱ ይህን የሚያሳይ ጥሩ ሙከራ አለ። በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ የምግብ ድጋፍ ሊያገኙ እንደሚችሉ የሚገመቱ ግን ያልተመዘገቡ 30 ሺህ ያህል አረጋውያን በዕጣ በተለያዩ ቡድኖች ተመደቡ። ምንም ካልተላከላቸው ውስጥ በ9 ወር ጊዜ የተመዘገቡት 6 በመቶ ነበሩ። «ድጋፉ ሊገባዎ ይችላል» የሚል ደብዳቤ ከደረሳቸው 11 በመቶው ተመዘገቡ። ከደብዳቤው በተጨማሪ ስልክ ቢደውሉ ቅጹን አብሯቸው የሚሞላና ሰነድ የሚያሰባስብላቸው ሰው ከተዘጋጀላቸው ደግሞ 18 በመቶው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ቁጥሮቹን ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ወረቀቱ ብቻውን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ለውጥ አምጥቷል፤ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ሲጨመርበት ሦስት እጥፍ ሆነ። እንዲያም ሆኖ ከመቶው 82ቱ አልተመዘገቡም። ስለዚህ በራሪ ወረቀቱን አትተዉት፤ ግን ከግርጌው ስልክ የሚያነሳ ሰው ቁጥር ይኑርበት። ማንም የማያነሳው ቁጥር ከሚጻፍበት ግን ባይጻፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰነዱ በሙሉ በእሳት የጠፋበት ሰው መጣ። መታወቂያ የለውም፣ አድራሻም የለውም። ቢሮው «አሟልተህ ና» ብሎ መልሶታል።

«አሟልተህ ና» የሚለው ቃል ስንቱን ሰው ከመስኮት እንደመለሰ ቢቆጠር ጉድ ነው። ሰነድ ስለጎደለ ማመልከቻ አይዘገይም። ብዙ የድጋፍ ሥርዓቶች ክፍያን ወይም የውሳኔ ጊዜን የሚቆጥሩት ማመልከቻው ገቢ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ የጎደለውን በግልጽ ጽፋችሁ፣ «በእሳት ጠፍቷል፣ ምትኩን እያወጣሁ ነው» ብላችሁ ዛሬውኑ አስገቡ። ገቢ የተደረገበትን ቀንና ቁጥር ሳትይዙ ከመስኮቱ አትነሱ። ተቀባዩ እምቢ ካለ ስሙን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያለውን ቃል ማስታወሻ ላይ አስፍሩ።

ከዚያ ምትክ ፍለጋ ነው። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል፤ መጀመሪያ የፖሊስ ወይም የእሳት አደጋ ማስረጃ፣ ምክንያቱም ሌላው ቢሮ ሁሉ እሱን ይጠይቃል። ቀጥሎ መታወቂያ። ሌላው ሁሉ በመታወቂያ ይወጣል። ሰው ግን ሰነዱ ሁሉ ጠፋ ሲል እውነቱን አይደለም፤ የልጁ ትምህርት ቤት ፋይል አለው፣ የታከመበት ጤና ጣቢያ ካርድ አለው፣ የቀድሞ አሠሪው የደመወዝ መዝገብ አለው፣ ባንኩ ፊርማውን ይዟል። አንድ አዛውንት ሁለት ሰዓት ሙሉ «ምንም የለኝም» ሲሉኝ ቆይተው፣ የልጃቸው ስልክ ውስጥ የመታወቂያቸው ፎቶ ተገኘ። ለሲም ካርድ ነበር ያነሱት። አድራሻ ለሌለው ሰው ደግሞ ደብዳቤ የሚቀበልለትን መጠለያ፣ ዘመድ ወይም የእናንተን ድርጅት መጻፍ ይቻል እንደሆነ ቢሮውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ገቢው አንድ ቀን አለ፣ ሦስት ቀን የለም። «የወር ገቢ» በሚለው ቦታ ምን እንጻፍ?

ያለፉትን ሦስት ወራት ሳምንት በሳምንት አስታውሱት፣ ደምሩ፣ ለሦስት አካፍሉ፤ ቁጥሩ አጠገብ «በአማካይ» ብላችሁ ስሌቱን በሌላ ወረቀት አያይዙ። ዜሮ አይጻፍ። ዜሮ የጻፈ ሰው «ታዲያ በምን ኖርክ?» ይባላል፤ መልስ ሲያጣ ማኅደሩ ውስጥ ያለው ሌላው እውነት ሁሉ ይጠረጠራል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ማጋነን የሚጎዳው ማን ነው? ሰውየው በእውነት ተቸግሯል።

እሱኑ። ከተደረሰበት ገንዘቡን መልስ ይባላል፣ ለሚቀጥለውም ድጋፍ በሩ ሊዘጋበት ይችላል፤ ያጋነናችሁለት እናንተ ማታ ቤታችሁ ትተኛላችሁ። የተቸገረ ሰው እውነት በዝርዝር ከተጻፈ ማጋነን አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ቀጠሮ ይረሳሉ፣ የነገርኳቸውን ሰነድ አያመጡም፣ ጭራሽ ይቆጡኛል። አንዳንዴ «የማይፈልጉ ከሆነ» እላለሁ።

እኔም ብዬ አውቃለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በሕንድ በታሚል ናዱ ግዛት በሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው፤ በሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል። እነዚያው ገበሬዎች ከምርት በፊት፣ እጃቸው ባዶ ሳለ፣ እና ከምርት በኋላ፣ እጃቸው ገንዘብ ሲገባ ተፈተኑ። ከምርት በፊት የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሰዎቹ አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ኪሳቸው ነው። ችግር ሐሳብን ይወስዳል፤ ለቀጠሮ የሚተርፍ ቦታ ያጣል።

እኔ ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀይሬያለሁ። አምስት ሰነድ አምጡ አልልም፤ አንድ እላለሁ፣ እሱ ሲመጣ ሌላውን። ቀጠሮውን በወረቀት በትልቅ ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ ማንበብ ለማይችል የሚያነብለት ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። በዋዜማው እደውላለሁ። የሚቀሩት አሁንም አሉ፣ ግን ቁጣዬ ቀንሷል።

ጥያቄ፦ ከባሏ ሸሽታ የወጣች ሴት ናት። የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

በጣም። ቁጥሯን ከመመዝገባችሁ በፊት ስልኩን ሌላ ሰው የሚያነሳው እንደሆነ፣ መልእክት መላክ ይቻል እንደሆነ ጠይቋት። አሁን ያለችበትን አድራሻ ቅጹ ላይ ከማስፈራችሁ በፊት ማን እንደሚያየው እወቁ፤ የደብዳቤ አድራሻ ሌላ ይሁን፣ ምስጢር እንዲጠበቅላትም በጽሑፍ ጠይቁ። ድጋፉ በቤተሰብ ስም ይከፈል ከነበረ ባልየው ለውጡን ሊያይ እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ማመልከቻው መቼ ይግባ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። የሰነዶቿ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቦርሳዋ ውስጥ አይገኝ።

ጥያቄ፦ አባቴ «እኔ ለማኝ አይደለሁም» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

አትከራከሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ አንቀጽ 25 ሥራ ያጣ፣ የታመመ፣ ያረጀ ሰው ዋስትና የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ይህን ግን ለእርሳቸው ማንበብ ስብከት ይሆናል። ለእኔ የሠራልኝ ሌላ ነው። ሰውየው በሥራ ዘመኑ ምን እንደከፈለ፣ ምን እንደሠራ እጠይቃለሁ፤ እሱ ሲያወራ እኔ የቅጹን ግማሽ ሞልቻለሁ። ፊርማውን ግን ራሳቸው ይፈርሙ፣ ብዕሩንም ከእጃቸው አትውሰዱ።

ጥያቄ፦ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። አለቀ?

ገና አሁን ተጀመረ። መጀመሪያ ውሳኔው በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? በመስኮት በኩል «አይገባህም» መባል ውሳኔ አይደለም፤ በደብዳቤ ይሰጠኝ በሉ። ደብዳቤው ሲመጣ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ምክንያቱንና የይግባኙን የመጨረሻ ቀን። ምክንያቱ የሰነድ ጉድለት ከሆነ ብዙ ጊዜ ይግባኝ ሳይሆን ሰነዱ ነው መድኃኒቱ። የሒሳብ ወይም የስም ስህተት ከሆነ በአንድ ገጽ ይታረማል። ሕጉ አይፈቅድም ከሆነ ደግሞ በከንቱ ተስፋ አታቆዩት፤ ወደ ሌላ ድጋፍ አዙሩት።

ቀኑን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የአንዲት መበለት ደብዳቤ በእኔ አድራሻ መጣ። «ነገ አየዋለሁ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት፤ ስከፍተው የይግባኙ ጊዜ ሁለት ቀን አልፎታል። እንደገና ከመጀመሪያው አመለከትን፣ በመጨረሻም አገኘች፤ በመሀል ያለፈውን ክፍያ ግን የመለሰላት የለም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት፤ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ቆሜ ነው የምከፍተው፣ ፖስታውንም አልጥልም፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ለቆጠራ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ «ገንዘብ ከሰጣችሁኝ አስፈጽምላችኋለሁ» የሚል ሰው አለ።

ማመልከቻው ራሱ በነጻ ከሆነ የሚከፈለው ለምንድን ነው? ዋናውን መታወቂያ፣ የባንክ ካርድና የምስጢር ቁጥር ለማንም አይሰጥም። ለእኔም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ከኪሴ ገንዘብ ብሰጥ ችግር አለው?

ሰጥቼ አውቃለሁ፤ ተጸጽቻለሁም ልል አልችልም። ግን ከሰጠሁት በኋላ ሰውየው እውነቱን ሲነግረኝ ቃላቱን መምረጥ ጀመረ። አሁን የትራንስፖርትና የምግብ አነስተኛ ገንዘብ በድርጅቱ በኩል በደረሰኝ ይሰጣል፤ ለሁሉም እኩል።

ጥያቄ፦ ድጋፉ ከጸደቀ በኋላ የእኛ ሥራ ምን ይቀራል?

የመጀመሪያው ክፍያ መግባቱን ማረጋገጥ፤ የተጻፈው ስምና የባንኩ ስም በአንድ ፊደል ሲለያዩ ገንዘቡ ተመልሶ ይሄዳል። ከዚያ ልጅ ሲወለድ፣ ሥራ ሲገኝ፣ ቤት ሲለወጥ ለቢሮው ማሳወቅ እንዳለባቸው መንገር፤ ካላሳወቁ በኋላ ዕዳ ይሆንባቸዋል። የእድሳቱን ቀን ደግሞ እነሱም እኔም እንጽፋለን። የእኔ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የእድሳት ቀናቸው በመጪው ሐሙስ የሚያበቃ ሦስት ስሞች አሉበት፣ ይህን እንደጨረስኩ እደውልላቸዋለሁ።