የጃቫስክሪፕትን የቀን ክላስ ለቀቅ አድርጉት

ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ከ15 ዓመት በፊት ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ የብድር መመዝገቢያ ሲስተም እሠራ ነበር። ተጠቃሚዎቹ የሚፈልጉት የእኛን ዘመን አቆጣጠር ነው። የምጽፍበት ቋንቋ የጃቫስክሪፕት ቀን ግን የፈረንጅ ነው። እኔም ዴት የሚባለውን ክላስ፣ ማለትም ቋንቋው ቀን የሚሠራበትን ንድፍ፣ ከፈትኩና ዓመትና ወር የሚመልሱትን ሜተዶች (በክላሱ ውስጥ ያሉ ትእዛዞች) በራሴ ተካኋቸው። ዓመቱን የሚመልሰው ጌትፉልይር ሲጠራ 2011 ሳይሆን 2003 ይመልሳል። ገጼ ላይ ሁሉም ነገር አማረ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ወጣ። አንዲት ባልደረባዬ ለሪፖርት ገጿ የቀን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ፣ አስገባች። ላይብረሪው ቀን ሲገለብጥ (ኮፒ ሲያደርግ) ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ጠይቆ አዲስ ቀን ይፈጥራል። ዴት ግን ለሁላችንም አንድ ስለሆነ ዓመቱን የሚነግረው የኔ ሜተድ ነው። በገለበጠ ቁጥር ቀኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። መክፈያው ገና ያልደረሰ ብድር ዓመታት ያለፈው ሆኖ ይታያል። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ባሰ። ላይብረሪው የሚያውቀው 12 የወር ስም ነው፤ የኔ ሜተድ 13ኛ ወር አለው። በወሩ ስም ቦታ «አንዲፋይንድ» (የሌለ ነገር) የሚል ቃል ቁጭ አለ። ልጅቷ ሦስት ቀን ሙሉ የራሷን ኮድ ስትፈትሽ ሰነበተች።

የቦሌ ኤርፖርትን ሰዓት እንዲመቻችሁ ብላችሁ በሀበሻ አቆጣጠር ብትሞሉት እናንተ አትሳሳቱም። በረራ የሚያመልጠው ሌላው ሰው ነው።

ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ሙቱልስ የሚባል ላይብረሪ በጃቫስክሪፕት አሬይ (የዝርዝር ክላስ) ላይ «ፍላተን» የሚል የራሱን ሜተድ ጨምሮ ነበር። በ2018 ቋንቋው ራሱ በዚያ ስም ሜተድ ሊያስገባ ሲል፣ በአሮጌው ላይብረሪ ላይ የቆመ ድረ ገጽ ተበላሸ። በመጨረሻ ስሙ «ፍላት» ሆነ። የአንድ ላይብረሪ ምርጫ የቋንቋውን ቃል አስቀየረ ማለት ነው።

ፓይተን የሚባለው ቋንቋ እንደ ስትሪንግ (ጽሑፍ መያዣ) ያሉ የራሱን ክላሶች ልትቀይሩ ስትሉ እምቢ ይላል። ሌላው ቋንቋ ሩቢ ይፈቅዳል፤ ግን ከ2013 ጀምሮ ለውጡን በአንድ ፋይል ብቻ የሚወስን ሪፋይንመንትስ የሚባል ነገር አለው። ብትጠቀሙበት ደስ ይለኛል። ለኛ ቀን ደግሞ ዛሬ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ቀንን በየአገሩ ልማድ የሚያሳይ ኢንትል የሚባል መሣሪያ አለ። ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ» ካላችሁት ዴትን ሳትነኩ ጳጉሜንም ያሳያችኋል።

የግድ መንካት ካለባችሁ በዚያው ቀን ለቡድኑ ተናገሩ። እኔ ለዚያች ባልደረባዬ የነገርኳት በአራተኛው ቀን ነው።