«አረብ አገር ጸሎት አያርግም» ለተባለችው እህቴ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? እኔ ሪያድ ሰው ቤት የምሠራ ነኝ። ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ማዕተቤን ገና የመጣሁ ሰሞን ማዳሜ አስፈታችኝ። ቤተ ክርስቲያን የለም፣ እሑድ የሥራ ቀን ነው፣ ጾሙንም እንደ ሥርዓቱ መያዝ አልቻልኩም። መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጸልይ ነበር፤ ቁልፍ ያለው ክፍል እሱ ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ ግን «እዚያ መጸለይ ድፍረት ነው፤ ደግሞም አረብ አገር ጸሎት አያርግም» ስትለኝ ተውኩት። አሁን ሁሉንም ስመለስ ንስሐ ገብቼ አስተካክለዋለሁ እያልኩ ነው። እስከዚያው ለደብራችን ጣሪያ ማሠሪያ በየጊዜው ብር እልካለሁ። እግዚአብሔር ይቀበለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስለ አጽዋማቱና ስለ ጸሎት ሰዓታቱ ከመጀመሪያው ላስተምርሽ አልነሣም። ታውቂዋለሽ። ባታውቂው ኖሮ እንዲህ ባልጨነቀሽ። እኔን ያሳሰበኝ ጓደኛሽ የነገረችሽ ነገርና እሱን ተከትሎ የመጣው «ስመለስ» የሚለው ሐሳብ ነው። ይህን ከኩዌት ሰምቼዋለሁ፣ ከቤይሩት ሰምቼዋለሁ፣ ለትምህርት ጀርመን ከሄደ ልጅም ሰምቼዋለሁ፤ እሱማ ማዳም የላትበት፣ በሩን የሚቆልፍበት የራሱ ክፍል ያለው ልጅ ነው። የሁላችሁም ኑሮ ለየቅል ነው፣ ስሕተቱ ግን አንድ ነው። እግዚአብሔር ቦሌ ድረስ ሸኝቶን የተመለሰ ይመስለናል።

ጓደኛሽን አልቆጣትም፤ እሷም ከሌላ ሰምታ ነው። ግን ውሸት ነው። አንቺ ባለሽበት አገር፣ በስተደቡብ፣ ናግራን የሚባል ከተማ አለ። በ6ኛው መቶ ዘመን እዚያ የነበሩ ክርስቲያኖች ክርስቶስን ካዱ ተብለው እምቢ በማለታቸው ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ተገደሉ፣ በእሳት ተቃጠሉ። የእኛው ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የዘመተው በእነሱ ምክንያት ነው። ኅዳር 26 ቀን ስንክሳራችን ሰማዕታተ ናግራን እያለ ያስባቸዋል። የእነሱ ጸሎት ከዚያ ምድር ካረገ፣ የአንቺ የማያርግበት ምክንያት ምንድን ነው? ዳዊትስ በመዝሙር 138 «እስከ ባሕር መጨረሻም ብበርር፣ በዚያ እጅህ ትመራኛለች» ሲል ቀይ ባሕርን የሚቀንስ ይመስልሻል?

አሁን ወደ አንዲት ልጅ ልውሰድሽ። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን ስንሰብክ ሁልጊዜ ስለ ንዕማን እንናገራለን። የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ፣ ትልቅ ሰው፣ ግን ለምጻም። እኔ ግን አረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ በጻፋችሁልኝ ቁጥር የምትታየኝ በቤቱ ያለችው ታናሽ ብላቴና ናት። ከእስራኤል ምድር በዘማቾች ተማርካ የተወሰደች ልጅ ናት። ሥራዋ የንዕማንን ሚስት ማገልገል ነበር። በዛሬው ቋንቋ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ያውም ደመወዝ የሌላት፣ ፈልጋ ያልመጣች። መቅደስ የላትም። ካህን የላትም። ሰንበትን ማን ያስከብርላታል? እስቲ አስቢው፣ አንቺ «እዚህ ሆኜ አይሆንልኝም» ያልሽው ሁሉ እሷም ላይ ነበረ። እሷ ግን «ሰማርያ ስመለስ የአምላኬን ነገር አስባለሁ» አላለችም። አንድ ቀን እመቤቷን፣ ጌታዬ በሰማርያ ያለው ነቢይ ዘንድ ቢሄድ ኖሮ ከለምጹ በፈወሰው ነበር አለቻት። በዚያች ቃል ምክንያት ንዕማን ተነሥቶ ሄደ፣ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠመቀ፣ ሥጋው እንደ ትንሽ ልጅ ሥጋ ሆነ፣ የእስራኤልን አምላክ አወቀ። መጽሐፉ ስሟን አልነገረንም። አገሯ ትመለስ አትመለስም አልነገረንም። እምነቷ ግን ያንን ቤት እንደለወጠው ነግሮናል።

የንዕማንንም ነገር ጨርሺው። ከዳነ በኋላ ኤልሳዕን ምን ለመነው? ሁለት በቅሎ የሚጭነው አፈር። ጌታን አገሬ ላይ ለማምለክ የእስራኤል አፈር ያስፈልገኛል ብሎ ነው። ነቢዩ አልገሠጸውም፣ በደኅና ሂድ አለው፤ ገና የዚያን ዕለት ያመነ ሰው ነዋ። እህቴ፣ አንቺ ግን በሰማንያ ቀንሽ የተጠመቅሽ ነሽ። እናትሽ ሻንጣሽ ውስጥ ጸበልና የሚቀቡትን እምነት አሽጋ ልካልሽ ይሆናል፤ በረከት ነው፣ ያዢው። ነገር ግን እግዚአብሔርን ከአፈር ጋር አትሰሪው። አገራችን የተቀደሰች ብትሆንም እሱ እዚያ የታሰረ አይደለም። ጌታ ራሱ ገና ሕፃን ሳለ በእናቱ እቅፍ ሆኖ ወደ ግብፅ ተሰዷል። በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ ሌሊቱን ማኅሌት የምንቆመው ይህን ስደት እያሰብን አይደል? ስደተኛ ሆኖ የሚያውቅ አምላክ ስደተኛን አይረሳም።

ስለዚህ «ስመለስ» የሚለውን ዛሬውኑ ተዪው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምነግርሽ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠራርገው ሲመለሱ፣ ማን በዕቅዱ ተመለሰ? ሻንጣውን እንኳ ሳይዝ የመጣ ነበረ። መመለሻሽ በእጅሽ አይደለም። ደግሞ ከተመለሱት ብዙዎቹን አግኝቻለሁ፤ «ስመለስ» ብለው ጸሎቱን የተዉት እንደመጡ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብተው እንኳ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ይጨንቃቸው ነበር። አንዳንዶቹ ሳይጀምሩ ዓመታት አለፏቸው። ሥራ መፈለጉ አለ፣ ቤተ ዘመዱ አለ፣ ሁሌ ሌላ ምክንያት ይመጣል።

የብሩንም ነገር በግልጽ እንነጋገር። ለደብርሽ መስጠትሽ መልካም ነው፣ ዋጋሽን አያጠፋብሽም። ግን ጣሪያው በአንቺ ፈንታ አይጸልይም። እምነትሽን እንደ ቤት ለዘበኛ አደራ ሰጥተሽ፣ ወርኃዊውን እየከፈልሽ ከሩቅ የምታስጠብቂው አይደለም። ይህን ስል ጥፋቱን ባንቺ ላይ ብቻ አልጭንም። እኛ አገልጋዮችም አለንበት። ውጭ ላሉ ልጆቻችን የምንደውለው ለሕንፃ ማሠሪያና ለንግሥ መዋጮ ብቻ ከሆነ፣ «ጸሎትሽ እንዴት ነው? አልቅሰሽ ታድሪያለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ከጠፋ፣ እግዚአብሔርም ከእነሱ የሚፈልገው ብር ብቻ ነው ብለው ቢያስቡ ምን ይፈረድባቸዋል? ቤተሰብም እንደዚያው ነው። «ላኪ» የሚለው ብዙ ነው፣ «እንዴት ዋልሽ» የሚለው ጥቂት።

መታጠቢያ ቤቱን በተመለከተ። የጸሎት መጽሐፍና ሥዕል ይዘሽ እዚያ አትግቢ፤ ለቅዱስ ነገር የሚገባው ክብር ነው፣ ጓደኛሽ በዚህ አልተሳሳተችም። ልብሽ ግን እዚያም ቢሆን ይጩኽ። ዮናስ በዓሣ ሆድ ውስጥ ጸለየ፣ ተሰማለት፤ ኤርምያስ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ አምላኩን ጠራ። ደግሞ ጸሎት ሁሉ ቁልፍ አይፈልግም። ሰሃን ስታጥቢ፣ ልብስ ስትተኩሺ፣ በረመዳን ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ ስታበስዪ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ፤ ከንፈርሽ እንኳ መንቀሳቀስ የለበትም። ስልክ ከተፈቀደልሽ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በጆሮ ማዳመጫ ስሚ። ከመተኛትሽ በፊት ወደ ምሥራቅ ዞረሽ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ከቻልሽ ብዙ ነው።

ማዕተብሽን ተገደሽ ስለተፈታ ክደሻል የሚልሽ ካለ አትስሚው። ጥምቀትሽ በመቀስ አይቆረጥም። በአፍሽ አትካጂ እንጂ፤ ለዚያ ነው የምፈራልሽ። ስትችዪ መልሰሽ እሰሪው።

ጾሙን ደግሞ ከነጭራሹ ከመተውሽ በፊት ሞክረሽ ነበር ወይ? ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት አዛዡን በትሕትና ነው የለመኑት፤ ጥራጥሬና ውኃ ስጠን፣ አሥር ቀን ፈትነን ብለው። ማዳምሽም ጾም ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናት። ረጋ ብለሽ «አና ሳይማ»፣ ጾመኛ ነኝ፣ ብትያት ላትከፋ ትችላለች። የአረብ ማድ ቤት ፉል፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ተምር፣ ኹብዝ አያጣም። እምቢ ካለች፣ ወይም ከተረፈው ሥጋ ሌላ የሚሰጥሽ ከሌለና ጉልበትሽ እየደከመ ከሆነ፣ ራስሽን በራብ አትጉጂ፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ እሳቸው በሚያዝዙሽ ሂጂ። ሁሉን ካልቻልኩ ምንም አልይዝም ማለት ግን የሰይጣን ምክር ነው።

ስለ ማዳምሽ ጸልዪ። ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ለምርኮኞቹ ስለ ባቢሎን ሰላም ጸልዩ ብሎ እንደጻፈላቸው አስቢ። ይህን ስልሽ ግን ግፍን ቻዪ ማለቴ አይደለም፤ በደንብ ስሚኝ። የምትመቺ ከሆነ፣ ደመወዝሽን ከከለከሉሽ፣ ክብርሽን የሚደፍር ካለ፣ ያንን በትዕግሥት ስም አትሸከሚ። ወጥተሽ ለኤምባሲው ማመልከት፣ እርዳታ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ነኝ ብሎ መብቱን ጠይቋል።

የንስሐ አባትሽ ቁጥር ከሌለሽ ቤተሰብሽን ጠይቂና በዚህ ሳምንት ደውዪላቸው። ምክርና ቀኖና በስልክም ይጀመራል፤ የሥጋ ወደሙ ነገር ጊዜው ሲደርስ እሳቸው ያሰናዱሻል። ገንዘብ እንዳልላክሽላቸው አትፈሪ፣ እሱን አታንሺው። እኔም የክርስትና ስምሽን ከጻፍሽልኝ ለቅዳሴ አባቶቻችን እንዲያስቡሽ እሰጣለሁ። ማዳምሽንም፣ ልጆቿንም በስማቸው አስገቢልኝ።