ፍሪጁ የማን ነው?

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ? ድሬዳዋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የነጋዴ ሂሳብ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቀፊራና መጋላ ያለ ባለሱቅ ብዙው ደብተሩን ይዞ እኔ ጋ መጥቷል። ከእናንተ ውስጥ ሕግ ወይም አካውንቲንግ ጨርሳችሁ ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና ስለ አንድ ፍሪጅ ልንገራችሁ።

ድሬ ላይ ፍሪጅ የሌለው ሱቅ ለስላሳ አይሸጥም። ግንቦትን እዚህ ያሳለፈ ያውቀዋል፤ የሞቀ ጠርሙስ በነጻ ቢሰጡህ አትጠጣውም። አንድ ደንበኛዬ ሁለት ሰው የማታስቆም ሱቅ ነበረችው። ፍሪጁን የሰጠው አንድ አከፋፋይ ነው፤ ኪራይ የለ፣ ክፍያ የለ። ሰውየው መርቆ ተቀበለ። አንድ ቀን የሌላ ፋብሪካ ለስላሳ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ስድስት ጠርሙስ ደረደረ።

ሳምንት አልሞላም፣ መኪና መጣ። ሁለት ልጆች ወርደው ጠርሙሱን ሁሉ እያወጡ መሬት ላይ አቆሙት። ሶኬቱን ነቀሉ። ሹፌሩ «አባባ፣ እኔ ታዝዤ ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ። ፍሪጁ ሲወጣ ከሥሩ የተንጠባጠበው ውሃ ከባንኮኒው እስከ በሩ መስመር ሠራ። እኔ ሻይዬን ሳልጨርስ ደረቀ።

በወሩ መጨረሻ የለስላሳ ገቢው ከግማሽ በታች ወርዶ አገኘሁት። ደመርኩ፣ ፈረምኩ፣ ደብተሩን መለስኩለት። እሱም ሄዶ ይቅርታ ጠየቀና ፍሪጁ ተመለሰ።

ጉዳዩ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም። ከዚያው አከፋፋይ የሚወስዱ ሌሎች ሦስት ደንበኞች ነበሩኝ። አምስት ሳጥን ለስላሳ የፈለገ ሁለት እሽግ የማይሸጥ ውሃ አብሮ ይወስዳል፤ ካልወሰደ ለስላሳውም የለም። ደረሰኙ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እያንዳንዳቸው የደረሰባቸው በእነሱ ብቻ መስሏቸው «ሆድ ይፍጀው» ብለው ቻሉት። የአራቱን ደረሰኝ ጎን ለጎን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሆኖም ትንፍሽ አላልኩም። ደንበኞቼን ከአከፋፋዩ ላለማጣላት ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ለራሴ እንጀራ ነው።

ሕግ አልነበረም እንዳልል፣ ነበር። ይህ የሆነው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከወጣ በኋላ ነው። አዋጁ ትልቅ መሆንን አይከለክልም። በርትቶ ሠርቶ ገበያውን የያዘ ሰው ወንጀለኛ አይደለም። የሚከለክለው በያዘው ጉልበት አላግባብ መጠቀምን ነው። ይህን ካልወሰድክ ያን አልሸጥልህም ማለት በዚያ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ነጋዴዎቹም ንጹህ አይደሉም፤ ቡና ላይ ተቀምጠው የስኳር ዋጋ አብረው የሚቆርጡ ባለሱቆች አይቻለሁ። እሱንም ያው አዋጅ ይከለክለዋል።

የፍሪጁ ነገር ሌላ አገርም ደርሷል። አየርላንድ ውስጥ የዩኒሊቨር ኩባንያ ንብረት የሆነ አይስክሬም አምራች ለባለሱቆች ፍሪጅ እየሰጠ የሌላ ሰው አይስክሬም እንዳይገባበት ይከለክል ነበር። ማርስ የተባለው ኩባንያ ገበያው ውስጥ ሲገባ ማስቀመጫ አጣ። ክርክሩ የአገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በፈረንጆቹ 1992 ማርስ ተረታ። «ፍሪጁ የኔ ነው» የሚለው መልስ አሸነፈ። እኔም ብሆን ያን ጊዜ ለዚያ መልስ የምመልሰው አልነበረኝም። የአውሮፓ ኅብረት ሥራ አስፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን ግን ሌላ ጥያቄ አነሳ፤ ሌላ ፍሪጅ ማስገቢያ ቦታ የሌለው ባለሱቅ ምርጫው ምንድን ነው? ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ሱቆች ያላቸው ያንኑ ኩባንያ ፍሪጅ ብቻ ነበር። በ1998 ኮሚሽኑ ክልከላውን ሕገወጥ አለው፤ በ2003 የአውሮፓ ፍርድ ቤትም አጸናው። ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ቢሆንም ለአይስክሬም ፍሪጅ ይህን ያህል የሚለፋ መሥሪያ ቤት መኖሩ እኔን ያስቀናኛል።

እኛ ጋስ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል ነበረን። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ፈረሰና ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገባ። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። ሚኒስቴር ንግድ ፈቃድም ይሰጣል፣ የዋጋ ንረትም ያሳስበዋል፣ ኤክስፖርትም አለበት። በመካከል የአንድ ባለሱቅ ፍሪጅ ማን ያስታውሰዋል? ይህን ብቻ የሚከታተል፣ ለማንም የማያጎበድድ ራሱን የቻለ ተቋም እንዲመለስ መወትወት የእናንተ ሥራ ነው። አይሆንም እንዳትሉኝ። ቴሌኮም ገበያውን የሚከፍት አዋጅ በ2011 ወጣ፤ ከእሱ ጋር የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ነሐሴ 2014 ላይ ሳፋሪኮም ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው። በ07 የሚጀምር ቁጥር ከአገሩ ሁሉ ቀድመን የያዝነው እኛ ነን። ሁለተኛው ሲም ካርድ ኪሳችን የገባው በሕግ ነው።

እስከዚያው ያለውን በር አንኳኩ። ንግድ ቢሮ ሄዶ «ነጋዴው ተማሯል» ያለ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ቀኑን፣ ዕቃውን፣ የተባለውን ቃል ጻፉ፤ ደረሰኙን አያይዙ። አንድ ባለሱቅ ብቻውን ቢፈርም ነገ ዕቃ ይቀርበታል፤ ስለዚህ አሥር ሆነው ይፈርሙ። ያስገባችሁበትን የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ ከቢሮው አትውጡ።

የአራቱ ደንበኞቼ ደረሰኝ ኮፒ አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ቀለሙ እየለቀቀ ነው፤ የሁለቱ ጭራሽ አይነበብም። እናንተ ስልክ አላችሁ፣ ሳይደበዝዝ ፎቶ አንሱት።