ታብሌት በጋቢና ውስጥ፦ አቀማመጡና የኃይል አሰጣጡ

በዚህ እትም ዓምዳችን የምንመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች ከሦስት የተለያዩ አሽከርካሪዎች የደረሱን ቢሆኑም ጉዳያቸው አንድ ነው። ሦስቱም ታብሌት ወይም ስልክ በተሽከርካሪ ላይ እንዴት እንደሚታሰርና ኃይል ከየት እንደሚያገኝ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ነገሮችን በአንድ ላይ የያዘ በመሆኑ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ለካርታና ለጭነት ሰነዶች የምጠቀምበት ባለ 10 ኢንች ታብሌት አለኝ። ቀን ሙሉ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ እየዋለ እንኳ ባትሪው እየቀነሰ ሄዶ ማታ ላይ ይዘጋል። ከዚህ በፊት የነበረኝ ቻርጀር ደግሞ በተሰካ በሁለተኛው ቀን ሸትቶ ተቃጠለ። መስታወት ላይ የሚለጠፈው መያዣም አዋሽ ሳልደርስ ይወድቃል። አንድ የመኪና ኤሌትሪሽያን «ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ 12 ቮልት ጠልፌ ላውጣልህ» ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምርና፣ ኤሌትሪሽያኑ ባቀረበልዎት ሐሳብ አይስማሙ። የእርስዎ መኪና 24 ቮልት የሚያገኘው እያንዳንዳቸው 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ስለተያያዙ ነው፤ ዲናሞውም የሚሞላቸው ሁለቱን እንደ አንድ ባትሪ ቆጥሮ ነው። ከአንዱ ብቻ ኃይል ሲቀዳ ያ ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፣ ያልተነካው ደግሞ ከሚገባው በላይ እየተሞላ ይሞቃል፣ ውኃውም ቶሎ ቶሎ ይደርቃል። የተበደለው አንዱ ሆኖ ሳለ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለቱም ይበላሻሉ። ይህ አሠራር በብዙ የጭነት መኪናዎች ላይ ለቴፕና ለተጨማሪ መብራት ሲደረግ እናያለን፤ መለመዱ ግን ትክክል አያደርገውም። በእርግጥ 12 ቮልት የሚፈልግ ዕቃ ካለዎት ከሁለቱም ባትሪዎች 24 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ ይሸጣል። ለታብሌት ግን እሱም አያስፈልግም፣ ከ24 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ቻርጀር በቂ ነው።

የተቃጠለው ቻርጀር ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ በቤት መኪናም በከባድ መኪናም አንድ ዓይነት ስለሆነ ቻርጀሩ ይገባል፣ መብራቱም ይበራል፣ ሰውም ደህና ነው ብሎ ያስባል። ሆኖም «24 ቮልት» የምንለው መኪና ሞተሩ ሲሠራ በእውነቱ ወደ 28 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ሲገዙ በቻርጀሩ ጎን ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ቮልቴጅ ያንብቡ፤ «12–24» የሚል መሆን አለበት፣ እስከ 30 ወይም 32 ቮልት እንደሚችል የተጻፈበት ካገኙ ደግሞ እሱን ይምረጡ። ጽሑፍ የሌለበትን ቻርጀር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ለዚህ መኪና አይግዙ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ዲናሞው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ የሚነቅሉ ባለሙያዎች አሁንም አሉ። በዚያ ቅጽበት ዲናሞው ያመነጨውን ኃይል የሚቀበልለት ባትሪ ስለማያገኝ ቮልቴጁ በድንገት ይወረወራል፤ በ24 ቮልት መኪና ላይ ከ100 ቮልት ሊያልፍ ይችላል። ጊዜው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ቢሆንም የተሰካውን ቻርጀር፣ አንዳንዴም የመኪናውን ኮምፒውተር ይዞ ይሄዳል። የላላ የባትሪ ካፕም (ገመዱን ከባትሪው ጫፍ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ) በኮረኮንች መንገድ ላይ ይህንኑ ያደርጋል። ዲናሞ የሚመረመረው በቴስተር ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ጫፎች ላይ ከ27 እስከ 28.8 ቮልት ካነበበ ዲናሞው እየሞላ ነው።

አሁን ወደ ቀነሰው ባትሪ እንምጣ። ታብሌትዎ ቀን ሙሉ ስክሪኑ በርቶ፣ ብርሃኑ ለፀሐይ ተብሎ እስከ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ ጂፒኤስና ኔትወርክ ሲሠሩ በቀላሉ ከ5 ዋት በላይ ይበላል። ብዙ ርካሽ የመኪና ቻርጀሮች ግን በ5 ቮልት 1 አምፔር፣ ማለትም 5 ዋት ብቻ ይሰጣሉ። የሚገባው ከሚወጣው ስለሚያንስ ጉድለቱ ከታብሌቱ ባትሪ ይሸፈናል፤ ማታ ላይ የሚዘጋውም ለዚህ ነው። ቢያንስ 18 ዋት የሚሰጥ፣ ፈጣን ቻርጅ የሚባለውን የሚደግፍ ቻርጀር ይፈልጉ፤ ታብሌቱም ያንኑ ዓይነት ፈጣን ቻርጅ የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ፣ ካልተስማሙ ሁለቱም ወደ ዝቅተኛው ይመለሳሉና።

ቻርጀሩ ጥሩ ሆኖ ገመዱ መጥፎ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ረጅምና ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ 2 አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት ሊያጠፋ ይችላል፤ ከ5 ቮልት ላይ ግማሽ ሲጎድል ታብሌቱ ምንጩ ደካማ ነው ብሎ የሚወስደውን መጠን ራሱ ይቀንሳል። ፈጣን ቻርጀር በ9 ቮልት 2 አምፔር 18 ዋት ያሻግራል፤ ይኸው ኃይል በ5 ቮልት ይተላለፍ ቢባል 3.6 አምፔር ያስፈልገው ነበር። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ገመዱ ላይ የሚባክነው ይቀንሳል፤ ከባድ መኪና ራሱ በ24 ቮልት የተሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ገመዱ ከ1 ሜትር ባይበልጥ፣ ታብሌቱ ላይ የሚሰካው ጫፍም ወደ ጎን የታጠፈ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጥ ብሎ የወጣ ጫፍ በንዝረቱ እንደ መፈንቀያ ሆኖ የታብሌቱን ሶኬት ያላላል፤ ገመዱን ከመያዣው ጋር አንድ ቦታ አስረው ትንሽ ዘና እንዲል ቢተዉት ሶኬቱ ዕድሜ ያገኛል።

የመለኮሻው ቀዳዳ ከላላና ቻርጀሩ እየተንሸራተተ የሚወጣ ከሆነ ቋሚ መስመር ማስዘርጋት ይችላሉ። መስመሩ የመኪናው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ የቫልቮላ (ፊውዝ) ሳጥን ክፍል ይውጣ፣ 5 አምፔር ቫልቮላም ይኑረው። ቫልቮላው መቀመጥ ያለበት ታብሌቱ አጠገብ ሳይሆን ኃይሉ በሚነሳበት ጫፍ ነው። ቫልቮላ በዋነኛነት የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመዱ መሐል ላይ ተልጦ ብረት ቢነካና ቫልቮላው ከዚያ ወዲያ ቢሆን፣ ገመዱ ግሎ ጋቢናው እስኪያያዝ ድረስ ምንም የሚያቆመው ነገር አይኖርም። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያም በሙቀት ሙጫው ስለሚለቅ አይበቃም።

ስለ መያዣው፣ በአየር የሚጣበቅ ጎማ ለእርስዎ መንገድ የሚሆን አይደለም። ሙቀት ጎማውን ያለሰልሰዋል፣ በውስጡ የቀረውን አየር ያሰፋዋል፣ አቧራው ደግሞ ዳር ዳሩን ይከፍተዋል። ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ታብሌት በረጅም ክንድ ላይ ሆኖ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሲወዛወዝ የሚያሳርፈው ጫና ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። የሚሻለው በብሎን የሚታሰር አጭር ክንድ ያለው መያዣ ነው፤ ዳሽቦርድ መብሳት ካልፈለጉ ከወንበሩ የወለል ብሎን ላይ የሚነሳ ምሰሶ ማሠራት ይቻላል፣ ብየዳ ቤት በግማሽ ቀን የሚሠራው ነው። ከበሱ ግን ከኋላው ገመድ ወይም የአየር ቱቦ አለመኖሩን አስቀድመው ይዩ።

መጥበቁን አቅልለው እንዳያዩት አንድ ስሌት እንስጥዎ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ግጭት ገጥሞት በድንገት ቢቆም፣ ያልታሰረ ታብሌት ፊት ለፊት ያገኘውን የሚመታው ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ እንደተለቀቀ ዕቃ ነው። መኪናው ኤርባግ ካለው ደግሞ «ኤስ አር ኤስ» የሚል ምልክት ካለበት ክዳን ላይም ሆነ ከፊቱ ምንም አይሰቀል፤ ከረጢቱ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ሲነፋ ታብሌቱን ወደ ተሳፋሪው ይወረውረዋል። ለዕይታ የሚሻለው ከመሪው በስተቀኝ፣ ከመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ በታች ነው፤ ማታ ላይ ብርሃኑን ዝቅ ካላደረጉ መስታወቱ ላይ ነጸብራቁ መንገዱን ይጋርዳል።

ከሚሌ ወዲያ ያለው ሙቀት የተለየ ጉዳይ ነው። አፕል ለአይፓድ የሚያስቀምጠው የአጠቃቀም ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ፣ ጠፍቶ ሲቀመጥ ደግሞ እስከ 45 ዲግሪ ነው፤ የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአፋር ግን የውጭው አየር ብቻውን ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ጋቢና ከ50 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሰመራ ወይም ጋላፊ ላይ ሲቆሙ ታብሌቱን ከመያዣው ነቅለው ይዘውት ይውረዱ፤ በሚጓዙበት ጊዜ የቀዝቃዛ አየር መውጫ ጀርባውን ቢነካው ይጠቅማል። ሁልጊዜ ተሰክቶ 100 በመቶ ሞልቶ በሙቀት የሚውል ሊትየም ባትሪ ያብጣል፣ ስክሪኑንም ከቦታው ይገፋል። ስለዚህ በብዙ የሳምሰንግ ታብሌቶች ቅንብር ውስጥ የሚገኘውን፣ ቻርጁን 80 ወይም 85 በመቶ ላይ የሚያቆመውን የባትሪ ጥበቃ ያብሩ። ወደፊት ሌላ ለመግዛት ካሰቡ፣ እንደ ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ አክቲቭ 3 ያሉ ለሥራ መስክ የተሠሩ ታብሌቶች ባትሪያቸው ወጥቶ በቀጥታ በመስመር ኃይል መሥራት ይችላሉ፤ ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ከዚህ የሚሻል መፍትሔ አላየንም፣ ዋጋው ቢያስደነግጥም።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በቪትዝ መኪና በስልክ ጥሪ የታክሲ አገልግሎት እሰጣለሁ። ሁለት ስልክና አንድ ታብሌት አሉኝ። ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ኢንቨርተር ገዝቼ ከባትሪው በቀጥታ አስገጥሜ የቤት ቻርጀሮች እሰካበታለሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት መኪናው አልነሳ እያለ ያስቸግረኛል። ጥፋቱ የባትሪው ነው ወይስ የኢንቨርተሩ?

መልስ፦ ሁለቱም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል፤ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ግን ኢንቨርተሩን ነው። ከባትሪው በቀጥታ ስለተገጠመ ቁልፉን ቢያወጡም ይሠራል፣ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ለራሱ ኃይል ይወስዳል። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢወስድ በ12 ሰዓት 6 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የቪትዝ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 አምፔር ሰዓት ነው፤ ካረጀ ደግሞ ግማሹን እንኳ አይዝም። ታብሌቱና ስልኮቹ ሌሊት ተሰክተው ካደሩ ሞተሪኖው ለጠዋት የሚፈልገውን ኃይል እነሱ ወስደውታል ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ አሠራሩ ራሱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። 12 ቮልት ወደ 220 ይወጣል፣ የቤቱ ቻርጀር መልሶ ወደ 5 ወይም 9 ያወርደዋል፤ በሁለቱም ጉዞ የተወሰነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ኢንቨርተሩ ለላፕቶፕ የሚያስፈልግዎት ካልሆነ ያስወጡትና ከመለኮሻው ላይ ሁለት ወይም ሦስት መውጫ ያለው ቻርጀር ይሰኩ። የመለኮሻው ቫልቮላ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ስለሆነ ሦስቱን መሣሪያዎች ያለ ችግር ይችላል። ቢቃጠል በተመሳሳይ መጠን ይተኩት፤ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 አምፔር ነው። ቀዩ ሲቃጠል ቢጫ መትከል ወይም በሽቦ መቀጠል ገመዱን ለእሳት ማጋለጥ ነው።

ከዚያ በኋላም ካልተሻሻለ ባትሪውን ያስለኩ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት፣ ከመነሳቱ በፊት፣ ጤነኛና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያነባል፤ ወደ 12.2 ከወረደ ግማሹ ወጥቷል። ቀኑን ሙሉ በትራፊክ መጨናነቅ ቆመው ኤሲ፣ መብራትና ቻርጀር ሲያሠሩ ዲናሞው በዝቅተኛ ዙር ስለሚሽከረከር የሚሞላው መጠን ትንሽ መሆኑንም ያስቡበት።

ሥራው ስክሪን መንካት የሚጠይቅ በመሆኑ ስልኩ ከእጅ ይልቅ መያዣ ላይ መሆኑ ለደህንነትም ለትራፊክ ደንብም የተሻለ ነው፤ ጥሪ መቀበልና አድራሻ መጻፍ ግን መኪናው ቆሞ ይሁን። በሽቦ አልባ ቻርጅ የሚሠሩ መያዣዎች ምቹ ይመስላሉ፣ ፀሐይ ባለበት ዳሽቦርድ ላይ ግን ስልኩን ከኋላም ከፊትም ስለሚያሞቁት ቻርጁ በየመሐሉ ይቋረጣል።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ባጃጅ አሽከረክራለሁ። ስልኬን መሪው ላይ ባሰርኩት በጥቂት ወራት ውስጥ ካሜራው ፎቶ ሲያነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል። በብዙ ስልኮች ካሜራ ውስጥ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል ተንቀሳቃሽ ሌንስ አለ፤ የሞተር ንዝረት ለረጅም ጊዜ ሲደርስበት ይጎዳል። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. የሞተር ብስክሌት ንዝረት በመሪው በኩል ወደ አይፎን ካሜራ እንደሚተላለፍ አስጠንቅቆ፣ ንዝረታቸው አነስተኛ በሆኑት ላይ እንኳ ንዝረት የሚያበርድ መያዣ እንዲደረግ መክሯል። ባጃጅዎ ከመሪው ሌላ የፊት መስታወት ክፈፍ ስላለው መያዣውን ወደዚያ ያዛውሩት፣ ከሥሩም ወፍራም ጎማ ያስገቡ። ካሜራው አንዴ ከተጎዳ ግን መያዣ መቀየሩ አይመልሰውም፤ ካሜራውን ማስቀየር ነው። ቻርጀር ካስገጠሙ ደግሞ ዝናብ በማይደርስበት፣ ክዳን ባለው ሶኬት ይሁን።